የአዲስ አበባ ሕንጻዎች የቆዩ ፎቶግራፎች፦ ቦታቸውንና ዓመታቸውን ለይቶ ከዚያው ነጥብ እንደገና የማንሣት ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከአልበም፣ ከሳጥን ወይም ከዘመድ እጅ የአዲስ አበባ ሕንጻ የቆየ ፎቶግራፍ አግኝተው «ይህ የት ነው? መቼስ ተነሣ?» ለሚሉ ሰዎች ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላል። ከጀርባው የተጻፈውን ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳያጣራ ይቀበላል፤ ዘመኑን ከሕንጻው እርጅና ይገምታል፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን የዛሬ ፎቶ ደግሞ ከተሳሳተ ቦታ ቆሞ ያነሣል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይሥሩ፤ በተለይ ሦስተኛውን ሳይጨርሱ ወደ አራተኛው አይለፉ፤ ምክንያቱም በተሳሳተ ዓመት የተጀመረ ፍለጋ ማስረጃን ሁሉ ወደዚያ ዓመት እየጎተተ ይሄዳል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦ አጉሊ መነጽር፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ደብተር፣ ስካነር ወይም ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ፎቶውን የሚያስቀምጡበት ንጹሕ የወረቀት ፖስታ፣ ለመስክ ሥራው ደግሞ ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ። መቆሚያው ባይኖርም ሥራው አይቆምም፤ ጊዜ ግን ይፈጃል።

እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ቅባት ወይም ሎሽን አይቀቡ። ፎቶውን በዳርና ዳሩ ብቻ ይያዙ። የሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ቡናም ሆነ ውኃ አይኑር።

ማስጠንቀቂያ፦ የተቀደደ ፎቶ በስኮች አይለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ምስሉን ይበላዋል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይሰርጋል፣ ጫናውም በምስሉ በኩል ጭረት ሆኖ ይወጣል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉ፤ ንጹሕና ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ከአልበም ገጽ ወይም ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ፈጽሞ አይላጡ፤ ከነመስታወቱ፣ ከነገጹ ይቅዱት።

ደረጃ 1፦ ፎቶውን ሳይጎዱ ይቅዱ

1. በስካነር ከሆነ ለታተመ ፎቶ ቢያንስ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚቀዳ የነጥብ ብዛት)፣ ለነጌቲቭ ፊልም 2400 ዲፒአይና ከዚያ በላይ ይምረጡ። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ይቅዱት፤ የወረቀቱ መወየብና የማኅተሙ ቀለም ራሱ ማስረጃ ነው።

2. በስልክ ከሆነ ፎቶውን ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ያንጥፉ፣ ፍላሹን ያጥፉ፣ ስልኩን ከላይ ሆነው ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርገው ያንሡ። በጣም ተጠግተው አያንሡ፤ ጠርዞቹ በምስሉ ላይ ጎብጠው ይታያሉ። ትንሽ ራቅ ብለው ዙም ቢያደርጉ ይሻላል።

3. ማስመሪያውን ከጎኑ አስቀምጠው አንድ ተጨማሪ ቅጂ ይያዙ፤ የፎቶው መጠን በኋላ ይጠየቃል።

4. ጀርባውን እንደ ፊቱ በጥንቃቄ ይቅዱ፤ ባዶ ቢመስልም ይቅዱት። በእርሳስ የተጻፈና የደበዘዘ ጽሑፍ መብራት ከጎን ሲያርፍበት ይታያል።

5. ዋናውን ቅጂ በቲፍ (ጥራት በማይቀንሰው የምስል ፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ፤ የሚቆርጡትን፣ የሚያደምቁትንና ለሰው የሚልኩትን ከእርሱ ላይ በሌላ ስም ያውጡ።

ነጸብራቅ ካስቸገረ፦ ፎቶውን ሳይሆን ራስዎን ያንቀሳቅሱ። ጥቁር ጨርቅ ከበላይዎ ቢዘረጋ ወይም ጥቁር ልብስ ቢለብሱ የስልኩና የእጅዎ ነጸብራቅ ከመስታወቱ ላይ ይጠፋል።

በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ፈተና አለ። ደብዛዛ ፎቶ «የሚያጠሩ» እና ጥቁርና ነጩን በቀለም የሚሞሉ ፕሮግራሞች በየስልኩ ገብተዋል። ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ ይሁን፤ ለምርመራ ግን አይጠቀሙባቸው። ፕሮግራሙ የማያየውን ነገር ከራሱ ይፈጥራል፤ በተለይ የሱቅ ሰሌዳ ላይ ያሉ የግእዝ ፊደላትን ወደ ሌለ ፊደል ይቀይራቸዋል፤ የጣሪያ ቆርቆሮውን ሸክላ፣ የጭቃ ግድግዳውን ድንጋይ ያደርገዋል። የደረሰዎት ቅጂ አስቀድሞ በዚህ መንገድ ያለፈ ከሆነ ዋናውን ሳያገኙ አንድም መደምደሚያ ላይ አይድረሱ።

ደረጃ 2፦ ጀርባውን ያንብቡ፣ አይመኑ

ጀርባው ላይ አራት ዓይነት ነገር ሊገኝ ይችላል፦ የእጅ ጽሑፍ፣ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ የወረቀት ፋብሪካ ስም እና፣ ፖስታ ካርድ ከሆነ፣ ቴምብርና የፖስታ ቤት ማኅተም። እያንዳንዱ የሚመሰክረው የተለየ ነገር ነው።

የፎቶ ቤት ማኅተም የሚነግርዎት ወረቀቱ የት እንደታተመ ነው። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ አልፏል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት የአባትን ነጌቲቭ በልጅ ዘመን ሊያትም እንደሚችል ያስቡ። ማኅተሙ አዲስ፣ ምስሉ አሮጌ መሆኑ እርስ በርሱ አይጋጭም።

የፖስታ ቤት ማኅተም ቀን ደግሞ ምስሉ ከዚያ ቀን በፊት መነሣቱን ብቻ ያረጋግጣል። ካርድ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላልና «የተላከበት ቀን የተነሣበት ቀን ነው» ብለው አይጻፉ።

የእጅ ጽሑፉን በተመለከተ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ጻፊው ማነው? የጻፈውስ ያን ጊዜ ነው ወይስ በኋላ አስታውሶ? መልሱ አንዳንዴ ከራሱ ከጽሑፉ ይወጣል። ለምሳሌ በምኒልክ ዘመን የተነሣ በሚመስል ፎቶ ጀርባ «ፒያሳ» የሚል ቃል ካገኙ ጽሑፉ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ፒያሳ የሚለው ስም ከጣሊያን ጋር የመጣ ሲሆን ከዚያ በፊት ሰፈሩ አራዳ ነበር። ቃሉን አይሰርዙ፤ «የኋላ ጽሑፍ» ብለው በደብተርዎ ይመዝግቡ።

ደረጃ 3፦ የዘመን አቆጣጠሩን ይለዩ

ከሁሉ የበለጠ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ደንቡ ይህ ነው፦

1. የአውሮፓ ቀን ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ ከዓመቱ 8 ይቀንሱ።

2. ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር 31 ከሆነ 7 ይቀንሱ። ዘመኑ ሉቃስ አልፎ ጳጉሜን 6 ስትሆን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ትውላለችና በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ይሸጋሸጋል።

3. ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት ይጻፉ። በአውሮፓ 1935 የተባለ ፎቶ በኛ «1927 ወይም 1928» ነው እንጂ ከሁለቱ የወደዱት አንዱ አይደለም።

4. አቆጣጠሩ ራሱ ካልታወቀ ቁጥሩን በሁለቱም መንገድ ተርጉመው ጎን ለጎን ያስቀምጡና ለደረጃ 4 ያቆዩት።

ጽሑፉ በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ከሆነ ዓመቱ የአውሮፓ ነው ብሎ መነሣት ይቻላል፤ በአማርኛ ከሆነ ግን የኛ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ውጭ አገር የተማረ ወይም ለውጭ ድርጅት የሠራ አባት በአማርኛ ጽፎ ዓመቱን በአውሮፓ ሊያደርግ ይችላል። በታተመ ጽሑፍም እንዲሁ ይጠንቀቁ። የጣይቱ ሆቴል ዓመት ተብሎ በሀገራችን አቆጣጠር የሚጠቀሰው 1898 በአንዳንድ የውጭ ጽሑፍ ሳይቀየር ገብቶ ሆቴሉን ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቶታል። የሌኒን ሐውልት ደግሞ ለብቻው ይጠቀሳል፤ በአውሮፓ 1983 ቆሞ በኛ 1983 ወረደ፤ አቆጣጠሩን ሳይጠቅሱ «የ1983 ፎቶ» ማለት ሲተከል ይሁን ሲገረሰስ አይለይም።

ደረጃ 4፦ ዓመቱን ከምስሉ ያውጡ

መርሁ አንድ ነው፤ የፎቶውን ዘመን የሚወስነው በውስጡ ያለው አሮጌው ነገር ሳይሆን ከሁሉም አዲሱ ነገር ነው። መቶ ዓመት የሞላው ቤት ትናንትም ፎቶ ይነሣል። ስለዚህ ዓይንዎን ከሕንጻው ላይ አንሥተው ወደ ዳር ዳሩ ይመልከቱ፦ መኪና፣ ምሰሶ፣ ሰሌዳ፣ ባንዲራ፣ ከበስተኋላ ያለ ጣሪያ።

1. በመጀመሪያ ምስሉ አለመገልበጡን ያረጋግጡ። ነጌቲቭ ተገልብጦ ሲታተም ግራና ቀኝ ይቀያየራል። ሰሌዳ ካለ ፊደሉን ያንብቡ፤ ከሌለ የወንዶችን ኮት ቁልፍ ይመልከቱ፤ በተለመደው አሠራር የግራው ጠርዝ በቀኙ ላይ ይደረባል።

2. በደብተርዎ ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በአንደኛው «ከዚህ በኋላ» በሚል፣ በምስሉ ላይ ያሉና የተሠሩበት ዓመት የሚታወቅ ነገሮችን ይጻፉ። በሁለተኛው «ከዚህ በፊት» በሚል፣ በምስሉ ላይ እያሉ በኋላ የጠፉትን፣ እንዲሁም መታየት ሲገባቸው የሌሉትን ይጻፉ።

3. የአንደኛውን ዓምድ ትልቁን ዓመትና የሁለተኛውን ዓምድ ትንሹን ዓመት ይውሰዱ። ፎቶው የተነሣው በሁለቱ መካከል ነው።

ለዓምዶቹ የሚረዱ የአዲስ አበባ ምልክቶች፣ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እነሆ፦

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፤ ዛሬ የምናውቀው የለገሀር ጣቢያ ሕንጻ ግን በ1922 ተመረቀ። የምኒልክ ሐውልት በጊዮርጊስ ፊት የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ፣ ሲሆን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነሥቶ ከነጻነት በኋላ ተመልሷል። የለገሀሩ የይሁዳ አንበሳም በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው የተመለሰው፤ ስለዚህ ጣቢያው ኖሮ አንበሳው የሌለበት ፎቶ፣ አንበሳው ገና ሳይቆም የተነሣ ካልሆነ፣ ወረራውንና ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ያመለክታል። ጊዮርጊስ ሥር ሰፊ ገበያ ከታየ ፎቶው ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ፣ ከማዞራቸው በፊት ነው። የአራት ኪሎው የድል ሐውልት የሚያዝያ 27 ቀን 1933 መታሰቢያ ነውና ከዚያ በፊት ሊታይ አይችልም። ብሔራዊ ቴአትር 1948፣ አፍሪካ አዳራሽ 1953፣ የማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ ሕንጻ 1957፣ የድላችን ሐውልት 1977። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡር ግንባታው በ2005 ተነሥቶ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ቀላል ባቡሩም ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው።

ለመኪና መንገድ ፎቶ አንድ ጠንካራ ምልክት አለ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሸጋገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነው። ከነጻነት በኋላ በሆነ ፎቶ ላይ መኪኖች በግራ የሚሄዱ ከሆነ ከዚያ ቀን በፊት ነው። ምስሉ ከተገለበጠ ግን ይኸው ምልክት ያሳስታል፤ ተራ ቁጥር 1 ቀድሞ የመጣው ለዚህ ነው።

ስለ ዛፍና ጣሪያ፦ የእንጦጦ ዳገት ገላጣ ሆኖ ከታየ ባሕር ዛፉ ሳይበዛ የተነሣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎቶ ሊሆን ይችላል። የሣር ክዳን በቆርቆሮ መተካቱም የጊዜ ምልክት ነው፤ ግን የሰፈርን እንጂ የዓመትን ልዩነት አይነግርምና ብቻውን አይጠቀሙበት።

አሁን ይህ ደረጃ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ በራሴ ስሕተት ላሳይ። ከአክስቴ አልበም ያገኘሁት አንድ ፎቶ ጀርባው ላይ በአማርኛ «ፒያሳ 1930» ይላል። የኛን 1930 ነው ብዬ «በጣሊያን ጊዜ» የሚል መግለጫ ጽፌ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ። ከወራት በኋላ በአጉሊ መነጽር ሳየው ከቀኝ ጠርዝ፣ ከአንዲት ጥላ የያዘች ሴት ጀርባ፣ የምኒልክ ፈረስ የፊት እግር ብቅ ብሏል። በኛ 1930 ሐውልቱ በቦታው አልነበረም። እንግዲያው በአውሮፓ 1930 ይሆን? ያም ቢሆን ሐውልቱ የተገለጠው በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ ስለሆነ የሚቀረው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ «ፒያሳ» የሚለው ስምም ገና አልመጣም። ነገሩን የፈታው በግራ ጠርዝ የቆመ ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው መኪና ነበር፤ ላንድሮቨር ነው፤ ላንድሮቨር ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በኛ 1940 ነው። ከእርሱ አልፈው የሚሄዱት ሁለት መኪኖች ግራቸውን ይዘዋል። ስለዚህ ፎቶው ከ1940 በኋላና ከሰኔ 1956 በፊት የተነሣ ሲሆን «1930» የሚለው በኋላ በትዝታ የተጻፈ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሰፊ ነው፤ ቢሆንም ከተሳሳተ አንድ ዓመት ትክክለኛ አሥራ ስድስት ዓመት ይሻላል፤ መግለጫውንም እንዲሁ አርሜ መልሼ ላክሁ።

ሁለቱ ዓምዶች ከተጋጩ፣ ማለትም «ከዚህ በኋላ» የሚለው «ከዚህ በፊት» ከሚለው ከበለጠ፦ ሦስት ምክንያት ይፈትሹ። አንድ ነገር በስሕተት ለይተው ይሆናል፤ አንዱን ዓመት ሳይቀይሩ ከአውሮፓ አቆጣጠር ወስደው ይሆናል፤ ወይም ፎቶው ከሁለት ፎቶዎች ተቀጣጥሎ የተሠራ ፖስታ ካርድ ነው።

ደረጃ 5፦ አቅጣጫውንና ሰፈሩን ያግኙ

ሕንጻውን ከማወቅዎ በፊት ካሜራው ወዴት እንደዞረ ይወቁ። አዲስ አበባ በተራራ የተከበበች በመሆኗ ይህ ከብዙ ከተሞች ይልቅ ይቀላል። በስተ ሰሜን ረጅሙ የእንጦጦ ጀርባ፣ በስተ ምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ይታያል። የተራራውን መስመር በስስ ወረቀት ገልብጠው ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ከሚታየው ጋር ያስተያዩ። ቤት ይፈርሳል፣ መንገድ ይሰፋል፤ የተራራው መስመር ግን አያታልልም።

ጥላን መጠቀም ከፈለጉ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በአውሮፓውያን የተጻፉ መመሪያዎች የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን ታልፋለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ስለዚህ የጠዋትና የማታ ረጅም ጥላ ብቻ ይጠቀሙ።

ከዚያ በኋላ ቋሚ የሆኑትን ይፈልጉ፦ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የመስጊድ ሚናራ፣ የድልድይ ቅስት፣ የወንዝ መታጠፊያ፣ መንገዶች የሚገናኙበት ማዕዘን። በ2016 በፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያና በአራት ኪሎ አካባቢ ብዙ ቤቶች ስለፈረሱ ለእነዚህ ሰፈሮች ፎቶ የዛሬው መንገድ ብቻ አይበቃም፤ ጉግል ኧርዝ ላይ ያሉትን ያለፉ ዓመታት የሳተላይት ምስሎች ወደ ኋላ እየመለሱ የቤቱን ጣሪያ ቅርጽ ይፈልጉ።

በረንዳው ብቻ ተመሳስሎ ከታየዎት አይቸኩሉ። በእንጨት የተቀረጸ ሰፊ በረንዳና ከፎቅ የሚወርድ የውጭ ደረጃ ያለው ቤት በአራዳ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የሼህ ኾጀሌ ቤት ሽሮ ሜዳ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ቤት መስቀል አደባባይ ዳር ነው። ሦስት ነገር ሳይገጥም ሕንጻውን በስም አይጥሩ፦ የመስኮቶቹ ብዛት፣ የጣሪያው ስብራትና የመሬቱ ዳገት። ብዙ ሰው የሚረሳው ዳገቱን ነው።

ምንም ፍንጭ ከጠፋ፦ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ቅጂውን፣ ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን፣ ይዘው ይሂዱ። መታወቂያና ምን እንደሚፈልጉ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይያዙ፤ «የድሮ አዲስ አበባ ፎቶ» ብለው ከጠየቁ ምንም አያገኙም፤ ሰፈርና የአሥር ዓመት ክልል ይዘው ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይጠይቁ

1. ፎቶውን በትልቁ አሳትመው ይሂዱ፤ በስልክ ማሳየት የማያይ ዓይንን ማስቸገር ነው።

2. ስሙን አስቀድመው አይንገሩ። «እማማ፣ ይህ የደጃች ውቤ ሰፈር አይደለም?» ካሉ «አዎ ልጄ» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ግን መልሱ የእርስዎ ነው። «እማማ፣ ይህን ቦታ ያውቁታል?» ብለው ዝም ይበሉ፤ ዝምታው ቢረዝምም አይግቡበት።

3. ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ። «ይህ ቤት በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ነበር?»፣ «ደርግ ሲገባ ማን ይኖርበት ነበር?»፣ «ከማግባትዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ይጠይቁ። የታኅሣሡ ግርግር 1953 መሆኑን እርስዎ ያውቃሉና ቁጥሩን ራስዎ ያስገቡ።

4. የሰፈር ስም ሲሰሙ እንደተነገረው ይጻፉ፦ እሪ በከንቱ፣ ሰባ ደረጃ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር። ወደ ዛሬው ወረዳ ቁጥር አይተርጉሙት።

5. ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ይጠይቁ። አንድ ላይ ሲሆኑ ቀድሞ የተናገረው ያሸንፋል።

ከተለያዩ፦ አንዱን መርጠው ሌላውን አይጣሉ፤ ሁለቱንም ይመዝግቡና ከምስሉ ጋር የሚስማማውን ያመልክቱ። ፎቶውን ሲያዩ ካለቀሱም ጥያቄውን ያቁሙ፤ ሌላ ቀን ይመለሱ።

ደረጃ 7፦ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ነጥብ ያግኙ

ይህ ደረጃ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰዎች ሕንጻው ፊት ደርሰው እስኪመሳሰልላቸው ዙም ያደርጋሉ፤ ዙም ግን ምስሉን ያጎላል እንጂ በቅርብና በሩቅ ነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና አይለውጥም። ያን የሚለውጠው እግርዎ ብቻ ነው።

1. በቆየው ፎቶ ላይ በቅርብ ያለ ቀጥ ያለ መስመር፣ ለምሳሌ የግንብ ጥግ፣ ይምረጡ። ከበስተኋላው በሩቅ የሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ የጉልላት ጫፍ፣ ከዚያ ጥግ ጋር የት እንደሚገናኝ በእርሳስ ቅጂው ላይ ያስምሩ።

2. በግምት ቦታው ላይ ቆመው ሁለቱን ያስተያዩ። ቅርቡ ጥግ ከፎቶው ይልቅ ወደ ቀኝ አልፎ ከታየ እርስዎም ወደ ቀኝ ይሂዱ፤ ወደ ግራ ከሆነ ወደ ግራ። ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ በአንድ እርምጃ፣ በመጨረሻም በግማሽ እርምጃ ይንቀሳቀሱ።

3. አሁን የቆሙት በትክክለኛው መስመር ላይ ነው፤ ነጥቡን ግን ገና አላገኙም። ሌላ ጥንድ ከምስሉ ሌላ ጎን ይምረጡና የመጀመሪያውን ሳይለቁ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሂዱ። ሁለቱም ጥንዶች የገጠሙበት ቦታ ፎቶ አንሺው የቆመበት ነው።

4. ከፍታውን ይፈትሹ። በቆየው ፎቶ ላይ ከፊት ለፊት ሳይሆን በጎን በሚታይ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ የሚታየው የጣሪያ ወይም የመስኮት መስመር በካሜራው ቁመት ላይ ያለ ነው። ያ መስመር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ፎቶ አንሺው ሰገነት ወይም ኮረብታ ላይ ነበር፤ በመንገዱ ላይ የቱንም ያህል ቢመላለሱ አይገጥምልዎትም።

5. ሲገጥም በሦስት የተለያየ ዙም ያንሡ፤ መሬቱን ፎቶ ያንሡ፤ የቆሙበትን ከሁለት ቋሚ ነገር ጋር ለክተው ይጻፉ።

ነጥቡ ላይ ሕንጻ ከተሠራ ወይም መኪና የሚበዛበት አደባባይ ከሆነ፦ በዚያው መስመር ላይ ወደ ኋላ ይራቁ፤ ከመስመሩ ወደ ጎን አይውጡ። መንገድ መሃል አይቁሙ። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ይሻላል፤ የጥቅምትና የኅዳር ሰማይ ጥርት ያለ ነው፣ በክረምት ግን ጭጋጉ እንጦጦን ይጋርደዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በቤተ መንግሥት፣ በወታደራዊ ቦታና በጥበቃ ሥር ባሉ መሥሪያ ቤቶች ዙሪያ ያለ ፈቃድ ካሜራ አያውጡ። ሌላም ቦታ ቢሆን መቆሚያውን ከመዘርጋትዎ በፊት ጥበቃውን ሰላም ብለው የቆየውን ፎቶ ያሳዩት፤ ብዙ ጊዜ ፎቶው ራሱ ደብዳቤ ሆኖ ያገለግላል። አጥፋ ከተባሉ አይከራከሩ፤ ያጥፉና በፈቃድ ይመለሱ። ድሮን ያለ ፈቃድ አያስነሡ።

ደረጃ 8፦ መግለጫውን ይጻፉና ያስቀምጡ

1. ፋይሉን በአንድ ወጥ መንገድ ይሰይሙ፦ ተራ ቁጥር፣ ሰፈር፣ የዓመት ክልል፣ ፊት ወይም ጀርባ። ለምሳሌ «014 አራዳ 1940–1956 ፊት»።

2. በመግለጫው ውስጥ የሚታየውን፣ የተጻፈውን፣ የተነገረውንና የእርስዎን ግምት በአራት የተለያዩ መስመሮች ያስፍሩ። «ገደማ» እና «ምናልባት» የሚሉትን ቃላት አይፈሩ፤ ያለ እነርሱ የተጻፈ ዓመት ግን ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ።

3. ከእያንዳንዱ ዓመት በኋላ አቆጣጠሩን ይጥቀሱ።

4. ፎቶውን ከማሰራጨትዎ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ ያግኙ። የወረቀቱ ባለቤትና የፎቶው የቅጂ መብት ባለቤት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ፊት ከታየና ቤተሰቡ ካልፈለገ ያን ክፍል ቆርጠው ሕንጻውን ብቻ ያውጡ፤ ዋናውን ግን አይቁረጡ።

5. ዋናውን ፎቶ በወረቀት ፖስታ፣ ፖስታውን በደረቅ ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑን ከወለል ከፍ አድርገው ከኩሽናና ከመስኮት ርቆ ያስቀምጡ። ቅጂዎቹን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ያኑሩ። በፖስታው ላይ የሚጽፉትን ፎቶውን ከማስገባትዎ በፊት ይጻፉ።

6. መግለጫው ላይ ስሕተት ሲገኝ አሮጌውን ደምስሰው አዲስ አይጻፉ፤ ከሥሩ ቀኑን ጠቅሰው እርማቱን ያክሉ፤ የላኩላቸውም ሰዎች ሁሉ እርማቱ ይድረሳቸው። እኔ «1930» የሚለውን ካረምሁ በኋላ እንኳ የመጀመሪያው መግለጫ ከሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ተመልሶ ደርሶኛል።